ለኦፕሬቲንግ ሲስተም የተቀመጠ ሽምግልና

«ዋና ዋናው በፍላሽ ይወሰድ፤ የቀረው ይታጠብ። የሴቶች ወሬ ነው።»

ዘሀራ ይህን የሰማችው እሁድ ጧት፣ ከሳሎኑ መጋረጃ ወዲህ ቆማ የሐምዱን ሸሚዝ ስታጥፍ ነው። ሐምዱ ባሏ ነው፤ በስልክ የሚያወራው ከእህቱ ልጅ ከሙደሲር ጋር ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ዱቄትና ፓስታ በጅምላ ሲሸጥ በጩኸት የኖረ ሰው ስለሆነ ሲያንሾካሹክ ሁለት ግቢ አልፎ ይሰማል። ዘሀራ ሸሚዙን እንደያዘች ቀረች። የሴቶች ወሬ የተባሉት እናቷ ናቸው።

እናቷ በ2005 ዓ.ም. ከከሚሴ ጁባ ድረስ መጥተው ሦስት ወር ተቀምጠው ነበር። ዘሀራ ያኔ አዲስ ስልክ ገዝታ ስለነበር እሳቸው ያደረጉትን ሁሉ ቀርጻለች፤ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሙቀቱን ሲረግሙ፣ የሰፈራቸውን የሀይ ጀላባን ማንጎ ቀምሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ ውሃ በቦቴ የሚያመጣውን ሰውዬ በአማርኛ ሲጨቃጨቁትና እሱ በጁባ አረብኛ ሲመልስላቸው ሁለቱም ሳይግባቡ ሲሳሳቁ፣ የልጃቸውን ሽንኩርት አከታተፍ ሲነቅፉ። ሁለት መቶ ጊጋ ሙሉ እናት፣ ከስልኩ ወደ አንድ የኮምፒውተር ዲስክ ተገልብጠው ተቀምጠዋል። ባለፈው ግንቦት እናቷ ከሚሴ ላይ ሲያርፉ ዘሀራ ለቀብር አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ አንዱንም ቪዲዮ ለመክፈት አንጀቷ አልቻለም፤ ግን መኖሩ ይበቃት ነበር። ጎታው ሙሉ እንደሆነለት ገበሬ ሳትነካውም ትጠግብ ነበር። አሁን ያ ጎታ ሊታጠብ ነው፤ ለዚያውም ከጨረታ በመጣ ዕቃ ምክንያት።

ዕቃው የመጣው እንዲህ ነው። ካለፈው ዓመት የታኅሣሥ ተኩስ በኋላ አንድ የከዋጃ፣ ማለትም የፈረንጅ፣ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በግማሽ ቀንሶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ፣ ሐምዱ ፍሪጅ ሊገዛ ሄደ። ፍሪጁ ለብቻው አይሸጥም ተባለ። በሺህ ስምንት መቶ ፓውንድ ፍሪጁን፣ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮችን፣ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳና አንድ ጥቁር የኮምፒውተር ሣጥን ጭኖ መጣ። ፍሪጁ በሳምንቱ ሞተ። ሣጥኑን ግን ሙደሲር አየውና ዐይኑ በራ። ሙደሲር አትላባራ ሰፈር የሚኖር፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ሆኖ የሚሠራ፣ ምሳውን ግን በየቀኑ አጎቱ ቤት የሚበላ ልጅ ነው። ይህ እኮ የቤት ሰርቨር ይሆናል አለ። የቤተሰቡ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የቁርኣን ቅጂ ሁሉ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ከየክፍሉ በዋይፋይ ይከፈታል፤ ሁለት ዲስክ ገብቶበት አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል። ከሣጥኑ ጋር አንድ ባዶ ዲስክ መጥቷል፤ ሁለተኛው የዘሀራ ዲስክ ይሆናል። የጎደለችው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ናት። በዚህች በጎደለችው ነገር ነው እንግዲህ ቤቱ ለሁለት የተከፈለው።

የዘሀራ ታናሽ ወንድም ማሂር እዚያው ሀይ ጀላባ የስልክና የኮምፒውተር መጠገኛ አለው። ለእሱ ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢድዓ፣ ሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ ነው። ሙደሲር ደግሞ ፍሪናስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይዞ መጣ። ለማከማቻ ተብሎ የተሠራ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋይል እንዳይበላሽ የሚጠነቀቅ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ጄኔሬተር በቀን አራት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ፍሪናስ ሁለቱን ዲስኮች ለማጣመር መጀመሪያ የያዙትን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ማጠቡ ነው። ማሂር ይህን ሲሰማ «በእንግድነት መጥቶ የባለቤቱን ዕቃ ውጭ የሚጥል» አለው። ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነካ ይገባል አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ሙደሲር ማሂርን «ሜሞሪ ካርድ ነጋዴ» አለው፤ ማሂር ሙደሲርን «የከዋጃ ተላላኪ» አለው፤ ሰላምታ ቀረ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአንድ ትሪ እየበሉ «ሚጥሚጣውን ወዲህ አድርግ በሉት» ይባባሉ ጀመር። የባል ወገን ፍሪናስ፣ የሚስት ወገን ዊንዶውስ ሆኖ ቁጭ አለ። ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ ከሚሴ ያለ ዘመድ ሁሉ በስልክ ወገን ለየ።

ዘሀራን የገረማት የሐምዱ ነገር ነው። ማውዝ ሲይዝ የጦፈ ብረት የያዘ የሚመስለው ሰውዬ፣ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር ስለ ፍሪናስ ሲሰብክ ተሰምቷል። ሙደሲር ራሱ ደግ ልጅ ነውና «ሦስተኛ ዲስክ ይገዛና የእትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ወደዚያ ይገልበጥ፤ ከዚያ እናጥባለን» ብሎ ነበር። ሐምዱ ግን በቁጣ ተነሣ። «ለወሬ ሰባት መቶ ፓውንድ? የሠርጉና የልጆቹ ፎቶ በፍላሽ ይውጣ፤ በቃ!» አለ። ከእናትሽ ቪዲዮ ሁለት ሦስቱን ምረጪ ተባለች። የሞተ ሰው ይመረጣል እንዴ? ይኼኛው ሳቃቸው ይቅር፣ ይኼኛው ቁጣቸው ይቆይ ተብሎ? ዘሀራ ነገሩን ሁሉ ለስስት ሰጠችው። ሐምዱ ስስታም ነው፤ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የዛሬው «የሴቶች ወሬ» ግን አጥንቷ ድረስ ገባ።

ሸሚዙን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሐምዱ «ወዴት ነው?» ሲላት «አሳ ልገዛ» አለችው። ውሸት አልነበረም። በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የዱቄት ነጋዴው ሐጂ ሺፋ ናቸው፤ ሌላው ቡሉክ ሰፈር ውስጥ ሆቴል ያላቸው ክርስቲያኑ አቶ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ሐበሻ በጁባ ሲጣላ ሁለቱ ተጠርተው ያልታረቀ ነገር የለም ይባላል። ግን የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላው፣ ሁለቱ የሚቀመጡበት ቤት ሁሉ አሳ ይሠራል። አሳ ማን አረደው አያሰኝም። የነጭ አባይ አሳ ነጋዴዎችም ይህን ስላወቁ ሐበሻ ሴት ሦስት አሳ በአንዴ ስትጠይቅ «ዛሬ ደግሞ ማን ተጣላ?» ይላሉ።

በመንገዷ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባችና የዲስክ ዋጋ ጠየቀች። ሻጩ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ መቶ ሃያ ዶላር» አላት። በፓውንድ ስትለው ጣሪያውን አየ፤ ዶላር በጥቁር ገበያ በየቀኑ እየጨመረ ስለሆነ ጧት የተናገረውን ዋጋ ከሰዓት አይደግመውም። ተስፋ ቆርጣ ወደ ማሂር ሱቅ ሄደች። ማሂር አንድ የተሰነጠቀ ስልክ ከፍቶ አቀርቅሯል። «ሽማግሌ ፊት እንዳትቆጣ፤ አንተ ከተቆጣህ እማዬ ታጠበች ማለት ነው» አለችው። ማሂር ቀና ሳይል «እኔ እኮ ልጇ አይደለሁም እንዴ?» አላት። እንደ እሷ ሁሉ እሱም አንዱንም ቪዲዮ ከፍቶ እንደማያውቅ ታውቃለች፤ ይህን ግን ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም። አሳዋን አንጠልጥላ ተመለሰች።

በዘጠኝ ሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ሳሎኑ የሱቁ ጀርባ ነው፤ ግማሹ ፍራሽና ትራስ፣ ግማሹ የፓስታ ካርቶን ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጨረታዎቹ ተሽከርካሪ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ሐጂ ሺፋ ወንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ያ ረብ» ይላሉ። ሙደሲርና ማሂር ፊት ለፊት፣ ዐይን ላለመተያየት አንዱ ጣሪያ አንዱ ምንጣፍ እያዩ ተቀመጡ። ሣጥኑ እንደ ተከሳሽ መሃል ላይ ቆሟል። ሐምዱ ለዚህ ጉዳይ ሲል ጄኔሬተሩን በቀን አስነሥቷል፤ ግን ጆሮው ከሚቃጠለው ናፍጣ ላይ አልተነሣም። ዘሀራ አሳውን አቅርባ፣ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ እሷም እንደ ወጉ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«እንግዲህ» አሉ ሐጂ ሺፋ። «መጀመሪያ ይህ ኦፕሬቲንግ የሚባለው ምንድነው? የማናውቀውን አናስታርቅም።»

ሙደሲር አሰበና፣ ሆቴል ያላቸውን ሰው እያየ «እንደ ማናጀር ነው። ዲስኩ መጋዘኑ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን የት ተቀመጠ የሚለውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው» አለ።

አቶ ወልደጊዮርጊስ ገባቸው። «ደሞዙስ?»

«ነፃ ነው፣ አባቴ። ፍሪናስ ገንዘብ አይጠይቅም።»

«አይ ልጄ!» አሉ ወዲያው። «ያለ ደሞዝ የሚሠራ ማናጀር አንዴ ቀጥሬ ነበር። ሁለት ዓመት አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ዓመት ፊት ለፊቴ የራሱን ሆቴል ከፈተ።»

ማሂር ነጥብ ያገኘ መስሎት ፈገግ ሲል ሐጂ ሺፋ ወደ እሱ ዞሩ። «ያንተስ ስንት ነው?» ማሂር ሲዲውን በአሥር ፓውንድ እንደሚሸጥ ተናገረ። ሙደሲር ዐይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ «የተሰረቀ ቅጂ ስለሆነ ነው በሉት» አለ። ሐጂ ሺፋ ጢማቸውን ያዙ። በተሰረቀ ማናጀር ላይ ቁርኣን ማስቀመጥ እንዴት ይሆናል? ባለቤቱ ይቅር ብሏል ወይ? ማሂር ባለቤቱ ሀብታም መሆኑን፣ ጁባ መኖሯን እንኳ ላያውቅ እንደሚችል አስረዳ። «ሀብታምም ቢሆን ንብረቱ ንብረት ነው» አሉ ሐጂ፤ አቶ ወልደጊዮርጊስም በዚህስ ሃይማኖታችን አንድ ነው አሉ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። መሃል ላይ አቶ ወልደጊዮርጊስ የሽምግልና ልማዳቸው ሆኖ እኩል ለእኩል ይካፈሉ፣ አንዱ ዲስክ ለፍሪናስ አንዱ ለዊንዶውስ ይሰጥ አሉ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙደሲርና ማሂር እኩል «አይሆንም!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ያዙት።

ዘሀራ ግን አልቻለችም። ሴት በሽምግልና መሃል ገብታ የምትናገርበት ቤት አልነበረም፤ ቢሆንም ተናገረች። «ሐጂ፣ እኔ ማናጀሩ ማንም ይሁን ግድ የለኝም። እናቴ እዚያ ውስጥ ናት። ባሌ የሴቶች ወሬ ናት ይታጠብ ብሏል። ይህንን ፍረዱኝ።»

ሐምዱ ቀልቡ ተገፈፈ። «ማን ነገረሽ?» ሲል «አንተ፤ ጮኸህ» አለችው። ሐጂ ሺፋ ወንበራቸውን ወደ ሐምዱ ሊያዞሩ ሲሉ ሙሉ ዙር ዞረው ተመልሰው መጡ፤ ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ኋላ ረጋ ብለው፣ የሚታጠበውን ነገር ሳናይ ይታጠብም ይቅርም ብለን አንፈርድም፣ መሬት ያጣላው ሰው መሬቱ ላይ ይወሰዳል አሉ። ማሂር ዲስኩን ከዚያው ከእነ ዘሀራ ቤት ላፕቶፕ ጋር አገናኘ፣ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ። ሐምዱ ናፍጣው ሊያልቅ ነው አለ። የሰማው የለም። የቪዲዮ ማጫወቻው ሲከፈት በቅርብ የታዩትን ዘረዘረ። አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ የታየው ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ዘሀራ ግራ ገባት። ማክሰኞ? እሷ አልከፈተችም። ማሂርን አየችው፤ እሱም «እኔ አይደለሁም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሐምዱ «ከዚያ ሌላ ክፈት» አለ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም። ማሂር ግን ከፍቶት ነበር።

እናቷ መጡ። ያንኑ አረንጓዴ ሻሽ አስረው፣ ኒሙ ሥር ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ዘሀራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስምንት ወር የፈራችው ነገር ይኸው መጣ፤ እንደፈራችው አልገደላትም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ማሂር ፊቱን ወደ ፓስታው ካርቶን አዞረ። «ስሚ ልጄ» አሉ እናቷ ከምስሩ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ባልሽ ክፉ ነው አልልም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሣም፣ ሶላቱን ይሰግዳል። ግን ቆጥቋጣ ነው። ሻዬ ላይ ስኳር ስጨምር ማንኪያዬን ሲቆጥር አይቼዋለሁ።» አቶ ወልደጊዮርጊስ ሳቃቸውን በሳል አስመስለው ለቀቁት። «ደግ ቃል እንኳ ዋጋው ሳይነገረው ከአፉ አይወጣም። አንቺ በዚህ ሙቀት እንደ ቋንጣ ደርቀሽ ልትቀሪ ነው። አባትሽ ቤት ክፍልሽ እንዳለ ነው። ነይ አብረን እንሂድ። ተይው።»

ምስሩ ብቻ ሰፌዱ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። ሐምዱ ብድግ ብሎ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ። «በቃ፣ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው» አለ።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለች ዘሀራ።

ሐምዱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቪዲዮው አላለቀም ነበር። ምስሩ እየተለቀመ፣ ዶሮ አልፋ፣ ከስልኩ ጀርባ የዘሀራ የራሷ ድምፅ መጣ። «ሂጂ አትበይኝ፣ እማዬ። አንቺ ቆጥቋጣነቱን ሦስት ወር አየሽ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ወባ የጣለኝ ጊዜ ግን ሱቁን ዘግቶ ስድስት ቀን አጠገቤ የተቀመጠው እሱ ነው። ሐምዱ ሱቅ ዘጋ ሲባል ሰው የሞተበት መስሏቸው ጎረቤቶች ለቅሶ መጡ። የትም አልሄድም።» እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስልኩ ቀና አሉና ልጃቸውን አዩ። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ስለሱ እንዳታማርሪብኝ» አሉ። «በይ ሰፌዱን ያዢ።» ስልኩ ተወዛወዘ፤ ቪዲዮው አለቀ።

ዘሀራ ያንን ማለቷን ጨርሶ ረስታዋለች። ሐምዱ ቆሞ ነው፤ ቀስ ብሎ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹን ማየት ስላልቻለ ሣጥኑን አየ። ሐጂ ሺፋ ብዙ ዓመት ያስታረቁ ሰው ናቸውና ቶሎ መውጣት የሚገባበትን ሰዓት ያውቃሉ። ፍርዱን ከሶላት በፊት እንደሚታጠቡት ውዱእ በፍጥነት አወረዱት። ሐምዱ ሦስተኛ ዲስክ ይግዛ፤ የሚስቱ እናት ሳይመረጡ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ይዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሰዎች በነፃ የፈቀዱት ፍሪናስ ይጫን፤ ሙደሲር ሲጭን ማሂር አጠገቡ ይቁም፤ የይለፍ ቃሉ ከዘሀራ በቀር በማንም እጅ አይግባ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ደሞዝ የሌለው ማናጀር አሁንም እንደማይጥማቸው ለታሪክ ይያዝልኝ ብለው ተስማሙ። ሁለቱ ወጣቶች ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ወዲያውም ስለ ዲስኩ መጠን መከራከር ጀመሩ፤ አሁን ግን ፊት ለፊት እየተያዩ ነው። ዱዓ ተደርጎ፣ እንግዳ ተሸኝቶ ጄኔሬተሩ ጠፋ።

ዘሀራ ወጥ ቤት ገብታ የአሳውን ትሪ ታጥባለች። ሐምዱ የቀሩትን ብርጭቆዎች ሰብስቦ ይዞ መጣ፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር ብርጭቆ ሲያነሣ አይታው አታውቅም። ከበሩ አላለፈም። ተናድዳበታለች፤ ከንዴቷ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም እያሸነፋት ነው።

«ስንት ጊዜ አየኸው?» አለችው።

«ከእናትሽ ለቅሶ ጀምሮ። ለከሚሴ የሚላክ ፎቶ ስፈልግ አገኘሁት።» ብርጭቆዎቹን ያያል። «ተይው የሚለው ላይ ስደርስ እዘጋዋለሁ።»

«ይህን ያህል ካቃጠለህ ለምን አንዱን ብቻ አላጠፋኸውም? ቤት ሙሉ ዲስክ ይታጠባል?»

«ሞክሬ ነበር። ዲሊት ስለው ‹እርግጠኛ ነህ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ።» ትከሻውን ሰበቀ። «አልነበርኩማ። ያ የሙደሲር ፍሪናስ ሳይጠይቀኝ ሁሉንም አጥቦ ይገላግለኛል ብዬ ነው።»

ዘሀራ ሳቋ መጣ፤ ሊወጣ ሲል ወደ ልቅሶ ተለወጠባት፤ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስምንት ወር ሙሉ አንተ ሰው! አጠገብህ ተኝቼ! እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ሐምዱ ዕድሜ ልኩን ዋጋ ሲከራከር የኖረ ሰውዬ ነው። አሁን ግን ከበሩ አልፎ ገባና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠ።

«እሄዳለሁ ብትይኝስ?» አለ።